የሰኞዋ ብልቃጥ

ሰኞ 3

ፕሮፌሰሩ ዛሬ ጠዋት በስብሰባ ላይ «ሰባተኛዋ ረቡዕ ትገባለች» አሉ። በዕጢ መድኃኒት ጥናታችን ውስጥ ታካሚ የሚጠራው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ሰባተኛዋ እህቴ ናት። ታላቄ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ፣ እታለም።

ከስብሰባው በኋላ ቢሯቸው ገብቼ «ሌላ ሰው ቢለካት አይሻልም?» አልኳቸው። «ማን?» አሉኝ። በዚህ ሆስፒታል የኤምአርአይ ማሽኑን የፍሎሪን ኮይል መቃኘት የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የለም። እስከ ዛሬ የምኮራበት ነገር ነበር። «ብቻ ውጤቱን አትነግራትም፤ ለማንም ታካሚ አንነግርም» አሉ። ይገባኛል ብዬ ወጣሁ።

ትናንት ቤቷ ሄጄ ሁሉንም አስረድቻታለሁ። «ጉበትሽ ላይ ላሉት ዕጢዎች የሚሰጥሽ መድኃኒት ውስጥ ፍሎሪን አለ፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ዓይነት። ሰውነትሽ ውስጥ ግን ፍሎሪን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማሽኑን ፍሎሪን ላይ እንቃኘዋለን፣ ጣቢያ እንደመፈለግ። ከዚያ በኋላ የምንሰማው ሁሉ መድኃኒቱ ነው፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።»

«ሰምታችሁስ?»

«ዕጢው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ እናውቃለን። ቶሎ ከጠፋ ብዙም አልሠራም ማለት ነው። ከቆየ ጥሩ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሬዲዮ ላይ ነህ!» ብላ ሳቀችብኝ። በዘጠኝ ዓመቴ የምትወደውን ሬዲዮ ፈታትቼ መልሼ ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮውም ከዚያ ወዲያ ተንፍሶ አያውቅም። እኔ ግን ሬዲዮ ተብዬ ቀረሁ። ይኸው አርባ አራት ዓመት ሞላኝ፣ እሷ ዘንድ ሌላ ስም የለኝም።

አምና ይኼኔ «ጎኔን ይወጋኛል» ብላኝ ነበር። «ስፌት መኪናው ላይ ስለምትጎነበሺ ነው» አልኳት። በሆስፒታል የምሠራ ሰው፣ አልትራሳውንዱ ከቢሮዬ ሁለት በር አልፎ ያለ ሰው።

ረቡዕ 5

አስተኛኋት። ኮይሉን፣ ያችን ቀለበት መሳይ አንቴና፣ ቀኝ ጎድኗ ላይ አሰርኩ። ከስታለች፤ ያረፈው አጥንቷ ላይ ነው። አላማረረችም። ሲስተር በደም ሥሯ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ጉብታው፣ የፍሎሪኑ ምልክት፣ መጣ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። በሰባት ደቂቃ ግማሹ ጠፋ። በሃያ ደቂቃ ምንም የለም።

ምንም።

(ማታ) እስካሁን ስድስት ሰው ለክተናል። ሁለቱ ላይ መድኃኒቱ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነበር፣ የሁለቱም ዕጢ ቀነሰ። አራቱ ላይ ቶሎ ጠፋ፣ የአራቱም አልቀነሰም። ስድስት ሰው ብዙ አይደለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ። ይህንኑ ለሌላ ሰው የምለው ቢሆን ኖሮ እስቅበት ነበር።

ልብሷን ቀይራ ስትወጣ «ምን አለ ሬዲዮው?» አለችኝ። «ገና አልተተነተነም» አልኳት። ለታካሚ መንገር ክልክል ነው፣ ደንብ ነው። ደንቡ እንዲህ ይመቸኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እሑድ 9

እታለም ቤት ዋልኩ። አንዲት ደንበኛ መጥታ ነበር። እታለም ዓይኗን ጨፍና የቀረበላትን ጨርቅ ሁሉ በጣቷ እየነካካች «ይሄ ጥጥ ነው፣ ይሄ ቅልቅል ነው፣ ይሄን የሸጠልሽ ሰው አጭበርብሮሻል» እያለች ታስቃታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት በነዚህ ጣቶች ኖራለች። እኔንም ያስተማረችኝ በነሱ ነው።

ደንበኛዋ ስትሄድ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ትንሽ ትራስ አወጣች። «ያ ቀለበታችሁ ጎድኔን በላኝ። በመሀል ይሄን አድርግልኝ።» ወፍራም አይደለም፣ ልኩን በዓይኗ ወስዳለች። ማሽኑ ብረት እንደማይወድ ባለፈው ነግሬያት ስለነበር ዚፕ የለውም፤ በጨርቅ ማሰሪያ ሠርታዋለች። ጎኑ ላይ ግን ክዳን ያለው ኪስ አለው።

«ኪሱ ለምንድነው?»

«ኪስ የሌለው ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ሰው የሚይዘው አያጣም።»

ስለ ውጤቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጠየቀችም። ባለቤቴ ማታ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እሱማ ቤት ገብቶም ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው» ትላለች። እውነቷን ነው።

ረቡዕ 12

ዛሬ መድኃኒቱን ብቻ ወሰደች፣ መለኪያ የለም። የምንለካት በየሁለት ሳምንቱ ነው። ኮሪደር ላይ ሁለቱ የራጅ ልጆች «እህቱ ባትሆን ኖሮ በየደቂቃው ወደ ክፍሏ አይመላለስም ነበር» ሲሉ ሰማሁ። እንዳልሰማ አለፍኩ።

ሰባት ደቂቃ። ሰባት ደቂቃ። ሳበስል፣ ስነዳ፣ ጥርሴን ስፍቅ።

ሰኞ 17

እንደ ሰኞ ሁሉ ፈተና። ሰኞ ሰኞ ማሽኑ መስማቱን የምናረጋግጠው በብልቃጥ ነው። አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ውስጧ ያው መድኃኒት ተበጥብጦ። ኮይሉ ሥር ትቀመጣለች፣ ጉብታዋን እናያለን፣ ቁመቷን እንመዘግባለን፣ ወደ መሳቢያዋ ትመለሳለች። «የሰኞዋ» እንላታለን።

ዛሬ የእታለምን ትራስ አብሬ ልሞክረው አልኩ፣ የፍሎሪኑን ድምፅ እንዳያደክመው። የሰኞዋን ኪሱ ውስጥ ከተትኳት፤ ልክ ለሷ የተሰፋ ይመስላል። ጉብታው ቆንጆ ሆኖ መጣ። ልጨርስ ስል ስልክ። እታለም ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከጠዋት ጀምሮ ታስመልሳለች። ሁሉንም እንደነበረ ጥዬ፣ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ድርቀት ነበር። ግሉኮስ ተሰጣት፣ አሁን ደህና ናት። ትንሽ ቆየት ብዬ ብሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ነው።

ረቡዕ 19

ቆየ!

መድኃኒቱ ቆየ። ጉብታው ወጣ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። በሃያ ደቂቃ ቆሟል። በአርባ ደቂቃ እዚያው። በስልሳ ደቂቃ ሲስተር «እንጨርስ እንጂ፣ በረዳት» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ስክሪኑን ትቼ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

ማታ ረጋ ብዬ ደግሜ አየሁት። ጉብታው በጣም ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ፣ መርፌ ነገር። ዕጢ ውስጥ ያለ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ጉብታ ነው የሚሰጠው። ትራሱ አደላድሏት ስላልተንቀሳቀሰች ነው ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ባለፈውስ ለምን ጠፋ? ያኔ ተጨንቃ ነበር፣ ኮይሉም በደንብ አልተቀመጠም። እንደሱ ነው። ፕሮፌሰሩ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው አዩና «የሚያምር ነገር ነው» አሉ፣ ሁለት ጊዜ።

ከቀትር በኋላ ወደ ቤቷ ሳደርሳት መኪና ውስጥ ነግሬያታለሁ። አልነግራትም ብዬ ነበር የተነሳሁት። ቀይ መብራት ያዘን፣ ትራሷን ታቅፋ በመስኮት ታያለች፣ አንገቷ ቀጥኗል፤ አላስቻለኝም። «እታለም፣ መድኃኒቱ ዕጢው ውስጥ ይቆያል። ይሠራል ማለት ነው።» እጄን ያዘችው፣ መሪ ላይ ያለውን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ እስኪጮህብን አልለቀቀችኝም።

ደስ ብሎኛል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ 24

የሰኞዋ የለችም። መሳቢያውን ገለበጥኩት፣ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፣ የጽዳቷን ሴትዮ ጠየቅኳት። «እኔ የአንተን ኮተት አልነካም፣ አፈር ነው የምጠርገው» አለችኝ፣ ተቀየመች። ይቅርታ ጠየቅኋት። የት አባቷ ገባች? ሌላ በጠበጥኩ። ለቁጥር ያህል አንድ ብልቃጥ ጎደለ ብዬ መዘገብኩ።

ሐሙስ 27

የሲቲ ስካኑ ውጤት መጣ። እታለምና እኔ ዶክተሯ ፊት ተቀመጥን። ዶክተሯ ለስላሳ ሰው ናት፣ ነገር አታጣምምም። «ከሦስቱ ዕጢዎች ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። አንዱ ትንሽ አድጓል። እኔ መድኃኒቱን ብንቀይር ይሻላል ባይ ነኝ፣ እናቴ።»

«አዲሱ ምን ያደርጋል?» አለች እታለም።

«ከበድ ይላል። ጣት ያደነዝዛል። እንደሰዉ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ይለቃል፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራል።»

እታለም እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አደረገቻቸው። ልጅ ሳለሁ የተሰበረ ነገር ስትደብቅብኝ ነበር እንዲህ የምታደርገው። ከዚያ «ወንድሜ ግን መድኃኒቱ ይቆያል ብሎኛል። በማሽን አይቶታል» አለች።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። መንገር ክልክል እንደሆነ ታውቃለች። አልወቀሰችኝም፣ ያ ነው የከበደኝ። «እውነት ነው?» አለች። «ባለፈው መለኪያ… አዎ» አልኩ። የሲቲውን ውጤት ደግማ አየች። «አንዱ ትንሽ ማደጉ ብቻውን አይወስንም። እሺ፣ እስቲ በዚሁ ትንሽ እንቆይ። ረቡዕ ደግሞ ይለካና፣ በሚቀጥለው ወር 15 እንወስን።»

ደረጃው ላይ እታለም ክንዴን ይዛ «ጣቶቼን አተረፍክልኝ» አለችኝ። ወርጄ መኪናውን አስነስቼ የእጅ ፍሬኑን ሳልለቅ ነዳሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ድካም ይሆናል።

ረቡዕ 3

ለካን። ደም ሥሯ እምቢ ብሎ ሲስተር ሦስት ጊዜ ወጋቻት። እኔ ጊዜ ለመቆጠብ ቀረጻውን አስቀድሜ ጀምሬ ነበር። ያው ነው፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ።

ስንጨርስ ሲስተር በመስተዋቱ በኩል ስክሪኑን እያየች «ገና ሳልከፍትላት ነው እኮ ያ ነገር የታየው» አለች።

«የቱ?»

«ያ ሹል ነገር። እኔ ገና ደም ሥር ስፈልግ አይቼዋለሁ።»

«ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው» አልኳት። «ሰዓት መች አሰርኩ?» አለችኝ፣ ባዶ እጇን እያሳየች። ሳቅን።

(ማታ) ቀረጻውን አየሁት። እውነት ነው። መድኃኒቱ ከመከፈቱ አራት ደቂቃ በፊት ጉብታው አለ። ፕሮፌሰሩ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። «ያለፈው ሳምንት መድኃኒት እስካሁን ዕጢው ውስጥ አለ ማለት ይሆን?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሆነ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። በሚቀጥለው ጉባኤ የሰባተኛዋን መስመር ሊያሳዩ ነው።

ሳምንት ሙሉ የሚቆይ መድኃኒት። እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ቢሆንስ? አንድ ሰው ላይ ቢሆንስ? ያ ሰው እታለም ብትሆንስ?

«ከሆነ» ነው ያሉት። ከሆነ።

ለምን እንደማልተኛ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። ደስታ ነው አልኳት።

እሑድ 7

ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ከቀትር በኋላ እታለም ዘንድ ሄድኩ። የትራሱን ልብስ አውልቃ ልታጥብ ነበር። በሳህን ላይ የሆነ ነገር አድርጋ አመጣችልኝ። «ይሄ የአንተ ነው? ኪሱ ውስጥ ነበር።»

የሰኞዋ ናት። በእጄ ጽሑፍ ቀንና መጠን ተጽፎባታል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«እንጃ። ከመጀመሪያው የትራስ ቀን ጀምሮ ጎድኔ ላይ የሆነ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር። የማሽኑ ዕቃ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ልነዘንዝህ?»

«አዎ፣ የማሽኑ ዕቃ ናት» አልኩ። ኪሴ ከተትኳት። ቁጭ ብዬ አወራሁ። ስለ ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። ስወጣ «ቀለምህ ጠፍቷል፣ ሂድና ተኛ» አለችኝ።

ሰኞ 8

ማንም ሳይገባ ደረስኩ። ሌላ ትራስ ወስጄ የሰኞዋን ሥሩ አደረግኋት፣ ኮይሉን አሰርኩ፣ ጠረጴዛውን አስገባሁ። ሰው የለም። ባዶ ጠረጴዛ።

ጉብታው መጣ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ። በሃያ ደቂቃ ቆሟል። በስልሳ ደቂቃም ቆሟል። እታለም ላይ ካየሁት ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክ ገጠመ። እሱን ስቀንስ ከሥሩ የሚቀረው የመጀመሪያው ቀን መስመር ነው። ሰባት ደቂቃ።

«የምንሰማው ሁሉ መድኃኒቱ ነው፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም» ያልኩት እኔ ነኝ። እውነትም መድኃኒቱ ነበር። ብልቃጥ ውስጥ።

አራት ደቂቃ አስቀድሞ ሲታይ እንኳ አላየሁም። ሲስተር አየች። ጉብታ ማንበብ ሳትማር በዓይኗ ያየችውን ነገረችኝ፣ እኔ በሰዓቷ ተሳለቅኩባት። ያየሁትን ማየት ስለፈለግኩ ነው ያየሁት። ይህን ለመጻፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር።

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ 9

ስብሰባ በዛ። ማታ ስልክ ደወልኩላት፣ በጥሩ መንፈስ ላይ ነበረች። የአንዲት ሙሽራ ልብስ ተቀብላለች፣ ገና ስድስት ሳምንት የሚወስድ ሥራ። ለስድስት ሳምንት ያሰበች ሴት በስልክ እንዴት ይነገራታል? ነገ ፊት ለፊት።

ረቡዕ 10

መድኃኒት ቀኗ ነው። ያው የድሮው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። አሁን እነግራታለሁ፣ ይቺ ነርስ ትሂድ፣ አሁን፣ ይሄ ከረጢት ይለቅ። ከረጢቱ አለቀ። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ምነው ጣቢያህ ጠፋ?» አለችኝ። ሳቅኩላት።

ሳቅኩላት።

ዓርብ 12

ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። ብልቃጧን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው የተጻፈባትን አነበቡ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

«የሁለቱ ቀን መለኪያ ተበላሽቷል ብለን ከጥናቱ እናወጣታለን። ይሄ በየትም የሚያጋጥም ነው። የብልቃጡን ታሪክ መተረክ ለማን ይጠቅማል? ለዶክተሯ እኔ አስጨብጣታለሁ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ለእኔ ማሰባቸው ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ቀለለኝም። ደረጃው ጋ ስደርስ ግን የረቡዕ ከረጢት ታወሰኝ። ፕሮፌሰሩ የረቡዕን አያውቁም። የረቡዕን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዶክተሯ «መለኪያው ተበላሽቷል» ብትላት፣ እታለም ደግሞ «ወንድሜ ግን አይቶታል» ነው የምትለው። ለእኔ ስትል ከሐኪም ጋር ትከራከራለች። ጣቷን ይዛ፣ የእኔን ቃል ይዛ።

ቅዳሜ 13

ነገርኳት።

ስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ነጭ ጨርቅ፣ የሙሽራዋ። ቆሜ ነው የነገርኳት። ሰኞ ዕለት ብልቃጧን ኪሱ ውስጥ እንደተውኳት፣ ስልክ ስትደውል እንደሮጥኩ፣ ሁለቱን ጊዜ ያየነው የብልቃጧን መድኃኒት እንጂ የሷን እንዳልሆነ። የሷ በሰባት ደቂቃ እንደሚጠፋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚጠፋ፣ ያኔም አውቄ እንዳልነገርኳት። መኪናው ቆመ፣ እሷ ግን ቀና አላለችም፤ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

«እኔ ስለደወልኩ ነው?» አለች።

«አይደለም! እኔ ስለረሳሁ ነው።»

«እሺ። ሰው ይረሳል።» ጨርቁን አጠፈች፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘች። «ብልቃጡን የሰጠሁህ እሑድ ነው።»

«አዎ።»

«አይተህ ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ረቡዕ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

የታጠፈውን ጨርቅ ወደ ጎን አስቀመጠች። «እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

ያን ጊዜ ነው ያየችኝ። «ሬዲዮዬን የፈታህ ቀን ማታውኑ ነገርከኝ እኮ። ብሎኑን በእጅህ ይዘህ፣ እያለቀስክ። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር።»

ከዚያ «ዛሬ ሂድልኝ» አለች። አልጮኸችም። ሄድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና እንደዚያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቀስኩ።

ሰኞ 15

ብቻዋን መጣች። ከዶክተሯ ጋር ስትገባ ከኮሪደሩ ዳር ቆሜ አየኋት፤ አላየችኝም፣ ወይም አላየሁም አለች። ከሷ በኋላ ገብቼ ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳት፣ የረቡዕንም። «እህትህ ነግራኛለች» አለችኝ። «ምን ብላ?» «ተሳስቶ ነበር፣ ራሱ ነገረኝ ብላ።» የረቡዕን አልነገረቻትም። ያንን እኔ ነኝ የነገርኳት።

«ሦስት ሳምንት አጣን?» አልኩ።

«ወደዚያ ገደማ። ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ያለውን እናድርግ» አለች። አዲሱ መድኃኒት ረቡዕ ይጀመራል።

ፕሮፌሰሩ የሰባተኛዋን መስመር ከንግግራቸው አወጡ። ምክንያቱን በእጄ ጻፍኩላቸው፣ ሳላሳጥር። አንብበው ፈረሙበት። አላናገሩኝም።

ረቡዕ 17

አዲሱ ተጀመረ። አልጠራችኝም። አዲሱ መድኃኒት ውስጥ ፍሎሪን የለም። ማሽኔ አያየውም፤ ቢቆይም ቢጠፋም አልሰማውም። ሲስተር መጥታ «ደህና ወስዳለች። ቀዝቃዛ ነገር ስትነካ እንደ ኤሌክትሪክ ያዛት» አለችኝ። አመሰገንኳት። ስለ ሰዓቱም ይቅርታ ጠየቅኳት። «የምን ሰዓት?» አለችኝ፣ ረስታዋለች።

እሑድ 28

ሦስተኛ እሑድ ነው እሷ ቤት ሳልሄድ። ባለቤቴ ሄዳ ነበር። «ስላንተ ጠየቀችኝ» አለችኝ። «ምን ብላ?» «ይበላል ወይ ብላ።»

ረቡዕ 1

ሁለተኛው ዙር። መስኮት ባለው በር በኩል አየኋት። ጓንት አድርጋለች።

ሰኞ 6

የሰኞዋን ፈትኜ ወደ መሳቢያዋ መልሼ፣ መመለሷንም ፈርሜ፣ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። ጓንቷን አድርጋ፣ ፌስታል ይዛ።

«ስምንተኛው መቼ ነው የሚገባው?»

«ረቡዕ» አልኩ። ቆሜ ቀረሁ።

ፌስታሉን ሰጠችኝ። ትራሱ ነው፣ ታጥቦ፣ ልብሱ ተመልሶለት። «ጎድኑን እንዳይበላው። ኪሱን ዘግቼዋለሁ።»

አየሁት። ኪሱ ዙሪያውን በነጭ ክር ተሰፍቷል፣ በእጅ። ስፌቱ ጠማማ ነው። አንዴ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንዴ ወደ ታች፣ ሁለት ቦታ ላይ ዘሎ ተመልሷል። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ስትሰፋ አይቻታለሁ፣ ጠማማ ስፌት ግን አይቼባት አላውቅም።

እንዳየሁ አየችኝ። «መርፌው አይሰማኝም» አለች። «መወጋቴን የማውቀው ደሙን ሳይ ነው። የሙሽራዋን ልብስ መልሼላታለሁ፣ ለጎረቤቴ ሰጥታዋለች።»

«እታለም…»

«ተው። ጣቴን እሰጠዋለሁ፣ ጉበቴን ከተወልኝ። ዶክተሯ በሚቀጥለው ወር እናያለን ብላለች።» ልትሄድ ዞረችና ቆመች። «እሑድ ና። መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልኝ ሰው አጥቻለሁ።»

ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ ትራሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከዳር እስከ ዳር፣ ጥግ በጥግ፣ በእጄ ዳሰስኩት። ከዚያ ደግሜ ዳሰስኩት። አሥሩም ጣቶቼ ይሰማቸዋል። ጠማማው ስፌት ላይ ሲደርሱ እያንዳንዷን የመርፌ ቀዳዳና እያንዳንዷን ቋጠሮ ይለያሉ። ውስጡ ምንም የለም።